የድንኳኑ ገበር

በ2072 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ራሷን እንዳለች ያየች ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ማንም አያማርርም ነበር። መስታወቶቹ ጨዋ ነበሩ። ጠዋት ፊታቸው ስንቆም «እንዴት አደርሽ?» ይሉና መልሱን ሳይጠብቁ ወገባችንን ሰብሰብ፣ ጉንጫችንን ሞላ፣ ደረታችንን ቀና አድርገው ያሳዩናል። የሱቅ መስኮቱም፣ የአውቶቡሱ በርም፣ የስልኩ ካሜራም ያው ነው። የማያስተካክል ነገር ቢኖር የሾርባ ማንኪያ ብቻ ነበር። እሱም ሰውን ዘቅዝቆ ስለሚያሳይ ምስክርነቱን የሚቀበለው አልነበረም።

ቁልቁል ማየት እርግጥ ይቻላል። ነገር ግን እኔ ቁልቁል ሳይ የማየው ሆድና መስታወቱ ውስጥ የቆመው ሆድ አይተዋወቁም። ሰው ስለ ራሱ ሁለት ዓይነት ወሬ ሲሰማ ደስ የሚለውን ያምናል፤ እኔም መስታወቱን አምን ነበር።

ልብሳችንን የሚሰጠን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሳጥን ነው፤ የሚሰጠንም በልካችን ነው። ልካችን የሚባለው አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላን ቀበሌ ሄደን ያስመዘገብነው ነው። ከዚያ ወዲህ ብንወልድ፣ ብንወፍር፣ ብንታመም፣ ሳጥኑ አያገባውም። እሱ የሚያውቀው ያችን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ልብሱም ባለ በሌለ ኃይሉ ጨምቆ እሷን ያስመስለናል። የወንዶቹ ሳጥን በየዓመቱ አዲስ ልክ ይወስዳል። ለምን ብለን ጠይቀን አናውቅም። ማታ ከሥራ የገባች ሴት ሁሉ ልብሷን ፈትታ ጋቢ ስትደርብ ሰፈሩ ባንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ባለቤቴ ዮናታን ይህን ድምፅ ሲሰማ ራት ደረሰ ብሎ እጁን ይታጠብ ነበር።

ስሜ ኤልዳና ነው። የዘመኔ አሮጊቶች ስም ነው፤ ሰፈራችን በኤልዳናና በሶልያና የተሞላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የብርድ ልብስ ጥለት ስስል ኖሬያለሁ። አበባ፣ ወፍ፣ አንበሳ፣ ከዚያ ደግሞ አበባ። የደብረ ብርሃን ብርድ አሁንም ያው ስለሆነ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ሰው ግን ስዬ አላውቅም ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም።

ነገሩ የተጀመረው የመጨረሻ ልጄ ትርንጎ ልታገባ ስትል ነው። የእሷ ዘመን ልጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ይወዳሉ፤ እጮኛዋ ሸዋንግዛው ይባላል፤ እሷ ሸዋ ትለዋለች። ከሳቀ የማያቆም፣ ሲቀመጥ ወንበሩን ሞልቶ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ትርንጎ እሱ ቤታችን ሲገባ የያዘችውን ሁሉ ከእጇ ትጥለዋለች፤ ስንት ብርጭቆ እንዳስፈጀችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሽማግሌዎቹ ጨርሰው ከሄዱ በኋላ እናቱ ወይዘሮ ቢታንያ ስለ ጥሎሹ ሊነጋገሩ ቤታችን መጡ። ቀሚሱን፣ ካባውን፣ የአንገት ወርቁን ጠቀሱና በመጨረሻ ወደ መስታወቱ ደረሱ። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ የወንዱ ወገን መስታወት ያመጣል፤ መስታወቱ የሙሽራይቱን የሠርግ ቀን መልክ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት የሚያሳያት ያንን ነው። እኔም ከዮናታን ቤት የመጣልኝ አለኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሽራ ሆኜ አድሬያለሁ።

ትርንጎ ሻይ ቀዳች፣ ስለ ቀሚሱም ስለ ወርቁም አመሰገነች፤ ከዚያ ረጋ ብላ መስታወቱን እንደማትፈልግ ተናገረች። ወይዘሮ ቢታንያ መስታወቱ ያነሰባት መስሏቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ እንዳለ ነገሯት። እሷም ትልቁንም ትንሹንም እንደማትፈልግ መለሰች። ሴትዮዋ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። እንደ ወጡ እኔ ጮኽኩ፤ ከአማት ጋር ገና ከበር መጣላት ምን የሚሉት ነው አልኳት። ትርንጎ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እማዬ፣ እኔ አንቺ ምን እንደምትመስዪ አላውቅም» አለች። «ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ ኖረን አንድ ቀን እንኳ አይቼሽ አላውቅም። ወልጄ፣ አርጅቼ ምን እንደምሆን ከማን ልየው? ከመስታወቱ?»

እውነቷን ነው። ትርንጎን የወለድኳት በኦፕራሲዮን ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መብራት ሳላጠፋ ልብሴን አውልቄ አላውቅም። ዮናታን መጀመሪያ ላይ ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር፤ በኋላ ተወው። ገላዬን ስታጠብ እጄ ሆዴ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ ይነግረኛል፤ እኔ እጄን ዝም አሰኘዋለሁ። በሐሳቤ ግን ጠባሳው ከዓመት ዓመት ያድግ ነበር፤ ከጎን እስከ ጎን እንደ መኪና መንገድ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ።

በዚያው ሰሞን ንፋስ የሴቶች እድራችንን ድንኳን ቀደደው። አብዛኛው ሰው ልጁን የሚድረው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ የአዳራሹ ግድግዳ እንግዶቹን ሁሉ አሳምሮ መልሶ ያሳያቸዋል። ትርንጎ ግን ከድንኳን ውጭ አላገባም ብላ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ እማማ ሶልያና የውጪውን ሸራ አስጠግነው፣ ለውስጡ አዲስ የአቡጀዲ ገበር ገዝተው፣ አበባ እንድስልበት አስጠሩኝ። ትርንጎ ተከትላኝ መጣች። ተነሥታ፣ አበባው እንደሰለቻትና በአበባው ፋንታ የእድሩ ሴቶች ራሳቸው በቁመታቸው ልክ ገበሩ ላይ ቢሰፉ ደስ እንደሚላት ተናገረች።

ጉድ ፈላ። ጎረቤቴ ናርዶስ፣ አፏ በር የሌለው ሴት ናት፣ እሷ ገበር ላይ ከተሰፋች ለቅሶ የመጣ ሰው ማልቀሱን ይረሳዋል አለች። ሌሎቹ አፍረው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እማማ ሶልያና ግን አልሳቁም። «ይህ ድንኳን ስንድርም ስንሞትም በላያችን የሚዘረጋ ነው» አሉ። «ከሥሩ ያሉትን ሴቶች ቢያውቃቸው ምን ክፋት አለው?» ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም፤ እማማ ሶልያናን መቃወም የሚቻል ነገር አይደለም።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ሌሎቹን እስላለሁ እንጂ ራሴ እንደማልገባበት ለትርንጎ ነገርኳት። መንገድ ላይ ቆመች። እኔ ከሌለሁበት ድንኳኑም ይቅር፣ አዳራሽ ውስጥ እንደ ማንም ሰው ታገባለች፤ መስታወቱንም ትቀበላለች። የምታየው ሌላ ነገር ካጣች ምን ታድርግ? ይህን የተናገረችው ሳትቆጣ ስለነበር ማታውን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

መጀመሪያ ቀን በእድሩ አዳራሽ ለእያንዳንዷ ወረቀትና እርሳስ አደልኩና ራሳችሁን ሳሉ አልኳቸው። ሁላችንም አንዲት ልጅ ሳልን። ወገቧ ቀጭን፣ አንገቷ ረጅም፣ ሆድ የሚባል ነገር ያልተፈጠረላት። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ስንደረድራቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እማማ ሶልያና እንኳ ያችኑ ነው የሳሉት። የእኔም፣ የሠዓሊ ነኝ ባይዋ፣ ያችው ነበረች። ናርዶስ ወረቀቶቹን አየት አየት አድርጋ «ይቺ ልጅ የማን ናት? እናቷ አትፈልጋትም እንዴ?» ስትል በሳቅ ፈረስን።

ስለዚህ አሠራሩን ቀየርን። ማንም ራሷን አትስልም። አቡጀዲውን በሰው ቁመት ልክ ቁርጥ ቁርጥ አደረግነው፤ አንዷ አንዱ ላይ ትተኛለች፣ ሌላዋ በከሰል ዙሪያዋን ትዞራታለች። ወለሉ ስለሚበርድ ከሥር የመንዝ ባና አነጠፍን፤ ልብሳችንን ፈትተን በውስጥ ቀሚስ ቀረን። ልብሱ ሲለቀን ቀላ ያለ መስመር ጎናችን ላይ ትቶ ነው። ከሰሉ ብብት ሥር ሲደርስ የማይኮረኩራት ሴት የለችም፤ አንዷ ስትስቅ መስመሩ ይበላሻል፣ እንደገና ይጀመራል። እድሜያቸው የገፋ ሴቶች መሬት ላይ ተኝተው እንደ ሕፃን ሲንፈራፈሩ ማየት ደስ ይል ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ ናርዶስ ዞረችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ቶሎ በይ እላት ነበር።

ቁርጦቹን አጣጥፈን ደርበን ሄድን። ስም አልጻፍንባቸውም። ሰው የገዛ አካሉን አይቶ ማወቅ ያቅተዋል ብሎ ማን ያስባል? በሚቀጥለው ሳምንት ስንዘረጋቸው ግን የትኛዋ የማን እንደሆነች የሚያውቅ ጠፋ። የሳሉትም ቢሆኑ በሳቅ መሀል ማንን እንደዞሩ ረስተውታል። ከሁሉም መካከል አንዲቱ ዓይን ትስባለች፤ ትከሻዋ ዘንበል፣ ወገቧ ገባ፣ ዳሌዋ ሰፋ ብሎ እንደ እንስራ የተረጋጋች። ናርዶስ የእኔ ናት አለች። ማክዳ የምትባል የዳቦ ቤት ባለቤት አለችን፤ እሷም የእኔ ናት ብላ በሌላው ጫፍ ያዘች። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ጣልቃ ገቡ። አቡጀዲው በአራት ወገን ተወጠረ።

እኔ አልተከራከርኩም። ከታች ከተደረበው ውስጥ በጣም ሰፊዋን፣ ሆዷ በሁለት ወገን የሞላውን መርጬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ። የእኔ እንደሆነች አልተጠራጠርኩም። በዚህ መሀል እማማ ሶልያና ከወንበራቸው ሆነው ተጣሩ።

«ኤልዳና፣ እኔን ይዘሽ ወዴት ነው?»

ዞር አልኩ። እጃቸውን ዘርግተዋል።

«አምጪያት» አሉ። «ሰባት ልጅ የተኛባት ቤት ናት፣ እኔ አላጣትም።» ጨርቁን ተቀብለው ጭናቸው ላይ ዘረጉና የጎኑን መስመር በጣታቸው ተከተሉ፤ ከዘመድ የተላከ ነገር የደረሳቸው ይመስሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክሩን የሚፈታው መተኛት ብቻ ሆነ። ናርዶስ ያችን የተወደደችውን ቁርጥ አንጥፋ ተኛችባት፤ ክንዷ አለፈ። ማክዳ ተኛች፤ እግሯ አጠረ። ሌሎቹም ሁለቱ ሞከሩ፤ አልሆነም። ቀሪዋ እኔ ነበርኩ። አይሆንም ብዬ ብሸሽም ናርዶስና ማክዳ አንድ አንድ ክንዴን ይዘው አስተኙኝ። ልክ ገባሁ። ከራስ ቅሌ እስከ ተረከዜ ከሰሉ ዙሪያዬን እንደ ጫፍ ጥለት ከቦኝ ነበር። ማክዳ «እኛ ደግሞ ለኤልዳና ነው ስንጣላ የዋልነው» ብላ ሳቀች። ደስ አለኝ። በሃምሳ ስድስት ዓመት በገዛ ዳሌ መደሰት ያሳፍራል፤ አፈርኩም፤ ግን ደስ አለኝ።

ከዚያ የመሙላቱ ሥራ መጣ። ሥጋው ከየቤታችን በሚመጣ አሮጌ ጨርቅ እንዲሆን ተስማማን። ናርዶስ የተማሪ ቤት ዩኒፎርሟን ቆራረጠች። እማማ ሶልያና የእናታቸውን ባና አመጡ። ማክዳ ዱቄት ያልለቀቀው የሥራ ሽርጧን ሰጠች። በዚያ ላይ በሱፍ ክር ይጠለፋል፦ የእግር ደም ሥሩ በሰማያዊ፣ የምጣዱ ቃጠሎ በቡናማ፣ ጡቶቹ እንደሚንጠለጠሉት እንጂ እንደሚወራላቸው አይደለም፣ የወሊዱ ሸንተረር ባልተነከረ ግራጫ የበግ ጠጉር። አሠራሩ አሁንም ያው ነው፤ አንዷ ታሳያለች፣ ሌላዋ አይታ ትነግራታለች፣ የምትሰፋው ግን ባለቤቷ ናት።

እኔ ትርንጎን ያዘልኩበትን ነጭ ማዘያ ቆርጬ ለጠፍኩና ዳር ዳሩን በጥሩ ስፌት ዘጋሁት። ውስጡን ባዶ ተውኩት። ነጩ ከመስመሩ ጋር ያምራል፣ ሥዕል ሲበዛበት ይበላሻል እያልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ሙያዊ ምክንያት እሰጥ ነበር። ምክንያቱ ሙያ አልነበረም። ያች ሁሉም የተሻሟት መስመር ስለነበረችኝ ውስጧን ማሳየት አልፈለግሁም።

ትርንጎ አንድ ከሰዓት መጥታ አየችው። ቅርፁን አደነቀች፣ ማዘያውን አውቃው አሸተተችው። ከዚያ ባዶው ነጭ ላይ ብዙ ቆየች።

«እማዬ፣ ይሄማ ሌላ መስታወት ነው» አለች። ተቆጥታ አይደለም። ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

በማግስቱ ናርዶስን ቤቴ ጠራኋት። መጋረጃውን ከፈትኩ፤ የደብረ ብርሃን የጠዋት ፀሐይ ብርድ እንጂ ምስጢር አታውቅም፣ ክፍሉን ሞላችው። የውስጥ ቀሚሴን ከፍ አደረግሁና ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተከልኩ። ናርዶስ ጎንበስ አለች። ሳትቀልድ ይህን ያህል ስትቆይ አይቻት አላውቅም።

«የታለ?» አለች።

እጄን ጠባሳው ላይ አደረግሁላት።

«ይቺ?» አለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ተመልሳ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች። «ይቺ ናት እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት መብራት ያስጠፋችው? ኤልዳና፣ ይቺ እኮ ከማበጠሪያሽ ታንሳለች።»

ያቀፈችኝ መጀመሪያ ነው ወይስ የሳቅኩት መጀመሪያ ነው አላስታውስም። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን፣ መሀል ላይ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅን። ስንጨርስ ማበጠሪያዬን አምጥታ ለካችው፤ እውነትም አነሰ። በቀይ ክር ሰፋሁት። ሸንተረሩን በግራጫው፣ እምብርቴን በቡናው፣ ከእምብርቴ በታች የተረፈውን ቆዳ ደግሞ ማዘያውን ትንሽ ሸብሸብ አድርጌ ሰፋሁት። የብርድ ልብስ አበባ ስስል እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬው ወይዘሮ ቢታንያ ጋ ሳይደርስ አልቀረም። እንደገና መጡ፤ ልብሳቸው እንደ ሁልጊዜው ጥብቅ ያለ፣ ንግግራቸውም እንደ ልብሳቸው ነበር። ልጃቸውን ዕርቃን ሴቶች በተሰቀሉበት እንደማይድሩ ነገሩኝ። ዕርቃን አይደሉም፣ ጨርቅ ናቸው አልኳቸው። እንግዳዬ ምን ይለኛል አሉ። የእርስዎ እንግዳ ሁሉ ከእንዲህ ያለች ሴት ነው የተወለደው ብዬ መለስኩ፤ ይህን ማለቴን ዛሬም አልጸጸትም፣ ቃናዬ ግን ትንሽ ሊለሰልስ ይችል ነበር። በመጨረሻ ሠርጉ ላይ ከበር እንደሚቆሙ፣ ድንኳኑ ውስጥ ግን እግራቸውን እንደማያስገቡ ተናግረው ሄዱ። ሸዋንግዛው ሲጠየቅ ሙሽራዋ ባለችበት እንደሚገኝ ብቻ መልሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። በእናቱና በሚስቱ መሀል የገባ ወንድ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም።

የሠርጉ ቀን ከፋሲካ በኋላ ነበር። ድንኳኑ ጠዋት ተተከለ፤ ገበሩ ቁርጥ በቁርጥ ተያይዞ ከጣሪያው እስከ መሬቱ ወረደ። የእድራችን ሴቶች ዙሪያውን ቆሙ፤ ዩኒፎርሟ፣ ባናዋ፣ ሽርጧ፣ ማዘያዋ። እንግዳው መግባት ጀመረ። ሰዎች ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው ወንበር ፈለጉ። ከዚያ የማክዳ ባል፣ መነጽሩን እየጠራረገ፣ ሽርጧ ፊት ቆመና «እንዴት ዋልሽ» ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሚስቱን፣ እናቱን፣ አክስቱን ፍለጋ ተነሣ። የእማማ ሶልያና ልጆች ባናው ሥር ተሰልፈው ማን የቱ ጋ እንደተኛ ይከራከሩ ጀመር። ያልተሰፉ ሴቶች ለምን አልተጠራንም ብለው ተቆጡ።

ዮናታን እኔ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ብዙ ቆይቶ ነበር። ሱሪው ኪስ ውስጥ እጁን ከትቶ፣ ገበያ ሄዶ ዋጋ እንዳልተስማማው ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ምን ይላል ብዬ ፈራሁ።

«በእጄ ነበር የማውቃት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቀይ መሆኗን ግን አላውቅም ነበር።»

ሙሽሮቹ ገቡ። ትርንጎ ባዶው ነጭ መሞላቱን ማንም አልነገራትም፤ ረድፉን ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ ማዘያው ሄደች። ቬሏን ወደኋላ ጣለችና ቀዩ ክር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ወደ እኔ ዞረች። ሚዜዎቿ ኩሏ እንዳይፈስ መሀረብ ይዘው ተሯሯጡ። ከዚያ ሸዋንግዛውን ጠራችው።

«ወደፊት የምሆነው ይሄን ነው» አለችው። «ደህና አድርገህ እየው።»

ሸዋንግዛው እንደታዘዘው ከላይ እስከ ታች አየ። አማቱን እንዲህ እንዲያይ የታዘዘ ሙሽራ ከእሱ በፊት ነበረ ብዬ አላምንም። ፊቱ ቀላ፣ ሳቁ መጣ፣ እንደ ልማዱ አላቆመም። «ተስማምቻለሁ» አለ በሳቁ መሀል። እልልታው ድንኳኑን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። መስታወቱ የዚያን ቀን ቀረ፤ ማንም ዳግመኛ አላነሣውም።

ወይዘሮ ቢታንያ እንደተናገሩት ከድንኳኑ በር ውጭ ቆመው ነበር። የልጃቸውን ሳቅ ሰምተዋል። ንፋሱ የበሩን ሸራ ገለጥ ሲያደርገው የሚያዩትን ያህል አይተዋል። ወጣሁ፤ ሰው ልጁን ሲድር ብርድ ላይ ቆሞ መተው ደግ አይደለም። ወንበር ላምጣ አልኳቸው። በዚያ ልብስ ብዙ መቀመጥ እንደማይችሉ ነገሩኝ።

«ቀይ ክር ያለባት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አልፈሩም?»

«እስካሁንም እፈራለሁ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ከበሩ አጠገብ ማንም ያልተሰፋበት አንድ ባዶ ቁርጥ ነበር፤ አቡጀዲው ከአባላቱ በልጦ የተረፈ። ዓይናቸው እዚያ ላይ ነው።

«ያ የማን ነው?»

የማንም እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ጓንታቸውን አወለቁ። ቀጥለው ጫማቸውን አወለቁ፤ ያኔ ነው የገባኝ። ናርዶስን ተጣራሁ፤ ባዶውን ቁርጥ ፈትታ ከበሩ ገባ ብላ አነጠፈችው። የእድራችን ሴቶች መጥተው ነጠላቸውን ዘርግተው ዙሪያውን ጋረዱ፤ የልብሳቸውን መቆለፊያ ለመክፈት ሁለት ሰው አስፈለገ። ወይዘሮ ቢታንያ በውስጥ ቀሚሳቸው ብቻ ሆነው በሠርግ ምንጣፍ ላይ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ፣ በጀርባቸው ተኙ። ትልቅ ሴት ነበሩ። ያን ሁሉ ሴትነት በዚያች ቀሚስ ውስጥ ምን ያህል ዓመት እንዴት እንዳኖሩት እግዜር ይወቀው።

«አንቺ፣ እንዳታሳምሪኝ» አሉኝ።

ከሰሉን አንሥቼ ልንበረከክ ስል ነጠላዎቹ መሀል ተከፈቱና ትርንጎ ገባች። ቬሏን ለናርዶስ አስያዘች፣ ከሰሉን ከእጄ ወሰደች፣ ነጩን የሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ አማቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ከተረከዙ ጀመረች። ባቱን፣ ጉልበቱን፣ ሰፊውን ዳሌ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታሳንስ ዞረችው። ቀሚሷ ጫፍ ላይ ከሰል ነካው፤ ግድ አልሰጣትም። ከነጠላዎቹ ወዲያ ሙዚቃው ቆሞ ሰው ሁሉ ይጠብቅ ነበር። ትከሻቸው ጋ ስትደርስ ወይዘሮ ቢታንያ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ጠየቋት።

«ምን እመስላለሁ?»

ትርንጎ ከሰሉን አንሥታ ወደኋላ ተቀመጠች። ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። ከዚያ ያ ሸዋንግዛው በር ላይ ሲታይ የሚመጣው፣ ብርጭቆ የሚያስጥላት ፈገግታ ፊቷን ሞላው።

«ቁርጥ ሸዋን» አለቻቸው።

ወይዘሮ ቢታንያ ሳቁ። ሳቁ ከሆዳቸው ተነሥቶ ትከሻቸውን አናወጠው፤ ትርንጎ መስመሩን እየጨረሰች ስለነበር ከሰሉ ተንሸራተተ፣ ከአንገታቸው ሥር ወደ ውጭ አንድ የተወላገደ ጭረት ወጣ። በኋላ ለመስፋት ስንቀመጥ ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አይሆንም አሉ፤ እንደተወላገደ በክር ሰፋነው።